ወንፊት ላይ የቀረ እንክርዳድ

ሦስት ሽማግሌ ማለዳ ግቢህ ገብቶ «ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ካለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ልጅህን ሊጠይቁ መጥተዋል። ይህን ዳንግላ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ የዚያን ቀን ሐጂ አብዱልሀፊዝ፣ መሪጌታ ኪዳኑና አቶ ይሄነው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከእህል መጋዘኔ ጀርባ ባለው ግቢ ሲቆሙ፣ ልቤ እንደ ጎረምሳ ዘለለች።

ልጄ ኢብቲሳም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚሁ ዳንግላ ባዮሎጂ ታስተምራለች። መልኳ እናቷን፣ ግትርነቷ እኔን ነው። እኩዮቿ ሁሉ ወልደው ልጆቻቸውን ወደ እሷ ክፍል ሊልኩ ምንም አልቀራቸውም እያለች እናቷ ዘይነባ ስትነጫነጭ ከርማለች። እኔ ወንድ ስለሆንኩ አልነጫነጭም፤ ዝም ብዬ እበሳጫለሁ እንጂ።

መሪጌታ ኪዳኑ ለሙስሊም ልጅ ሽምግልና ምን ሊሠሩ መጡ ብዬ ለአፍታ ሳልገረም አልቀረሁም። ግን የእኛ ከተማ ነው። ለክርስቲያኑ ሰርግ ሐጂ፣ ለሙስሊሙ ሰርግ መሪጌታ ሽምግልና ቢገባ ክብር መጨመሪያ ነው። ልጁ ትልቅ ቤተሰብ ቢኖረው ነው አልኩ በልቤ። ዘይነባ በመስኮት ብቅ ስትል በዓይኔ ጠቀስኳት። ወዲያው ሻሿን ልትቀይር ሮጠች።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገብተዋል። ስለዚህ ለእንግዶቼ የማቀርበው ውሃ እንኳ አልነበረኝም። ከተማው በሙሉ ተርቧል። የተራበ ሰው ደግሞ ወይ ይተኛል ወይ ይከራከራል።

«ዓብዱልሀሚድ፣ የመጣነው በልጅህ ጉዳይ ነው» አሉ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«አውቃለሁ ሐጂ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ ፊቴ እንደ መስከረም ሜዳ ፈክቶ።

«አወቅህ? ሰምተሃላ!»

«አባት ሳይሰማ ይቀራል? ብቻ የማን ልጅ እንደሆነ ንገሩኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። አቶ ይሄነው ከባንጃ ገጠር የመጡ፣ በአገውኛ አስበው በአማርኛ የሚናገሩ፣ ቀስ ያሉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው፣ «እሱ አይደል እንዴ ጉዳዩ» አሉ። «የማን ልጅ ነው ሲባል፣ የዝንጀሮ ልጅ ነው ትላለች አሉ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሙሽራው በአንድ ቃል ከግቢዬ ወጥቶ ሄደ፤ በምትኩ ዝንጀሮ ገባ። ዘይነባ አዲሱን ሻሽ አስራ በሩ ላይ ስትደርስ ነገሩን ከፊቴ አነበበችና ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላካቸው ይርሳው ነው። ይርሳው ጋሪ ሠሪ ነው፤ የሱን ጋሪ መሥሪያና የኔን መጋዘን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ጓደኛሞች ነን። አምና ሚስቱ ሽታዬ ስትሞት የለቅሶው ንፍሮ የተቀቀለው ከኔ ስንዴ ነው፤ ድንኳኑን የተከልነውም አብረን ነው። አንድ ልጁ ሕይወት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የኢብቲሳም ተማሪ። ይህች ልጅ ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ጠዋት ቁጭ ብላ ቁርሷን ትበላለች። አባቷ ቢጠይቃት ዝም። ቢቆጣት ዝም። ይርሳው ሲያጣራ ክፍላቸው ስለ ዝግመተ ለውጥ እየተማረ መሆኑን ሰማ። ሁለቱን አገናኘና ደመደመ፤ ልጄን ያጠፋት የዓብዱልሀሚድ ልጅ ናት አለ።

«እሑድ የወላጆች ስብሰባ አለ» አሉ መሪጌታ። «እዚያ ቆማ ይህ ትምህርት ሐሰት ነው፣ ሰውን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ትበልልን። በቃ። በምርቃት እንለያያለን።»

«ካላለችስ?»

«ይርሳው የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ወረዳ ሄዶ ያመለክታል። ብዙ ሰው ከኋላው አለ። ወደ ጃዊ ቆላ ያዛውሯታል ይባላል።»

ቆላው እንደማንኛውም አገር ነው፤ እህል ላመጣ ሄጄ አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰዎች አሉበት። ግን ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ሁለት ወንድሞቿ ዐረብ አገር ገብተው ድምፃቸው ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ማታ ማታ ሾርባ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የምትጠጣው እሷ ናት። ከዚህ ቤት ወጥታ የምትሄደው አግብታ ብቻ ነበር፤ ተባርራ ትሄዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «ይርሳው እግር የለውም?» አልኩ። «ቆርቆሮውን ቢያንኳኳ እሰማዋለሁ! ሽማግሌ የሚላከው ለባዳ ነው።»

ሐጂ አብዱልሀፊዝ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለራስህም ብለን ነው ዓብዱልሀሚድ። ለመሆኑ ልጅህ በአላህ ታምናለች?» አሉኝ።

«ታምናለች እንጂ! እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ጠይቄያት እንደማላውቅ የታወሰኝ። ስትሰግድ አያለሁ። ስትጾም አያለሁ። ከዚያ ያለፈውን አልጠየቅሁም። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ተዘግቶበት የማይነቅዝ ነገር አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሳስብ ዋልኩ። አንድ ነገር ገረመኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ከጭቃ ነው የተፈጠረ ሲሉኝ ተቆጥቼ አላውቅም። ዝንጀሮ ሲሉኝ ግን ደሜ ፈላ። ጭቃ ከዝንጀሮ በምን ይበልጣል? ምናልባት ጭቃን ሰው ስለማያውቀው ይሆናል። ዝንጀሮን ግን እናውቀዋለን፤ በቆሎ ይሰርቃል፣ ሲያባርሩት ቆሞ ይሳደባል። ዘመድ ለመሆን በጣም ይቀርባል።

ኢብቲሳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ገባች።

«ሽማግሌ መጥቶብን ነበር አሉ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እማዬ አዲሱን ሻሽ ለብሳ ስታለቅስ አገኘኋት።» ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህን ስታይ ሳቋን ተወችውና ጎኔ ተቀመጠች።

«እሑድ አንድ ቃል ተናግረሽ እንገላገል» አልኳት። «ሐሰት ነው በይ። ቃል ነው፤ ስንዴ አይደል አይመዘን።»

«አባ፣ አንተ ከስንዴው ድንጋይ ቀላቅለህ ሽጥ ብልህ ትሸጣለህ?»

«ወላሂ አልሸጥም።»

«እኔም አልሸጥም።»

ይኸው! ግትርነቷ የኔ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ተነስቼ ወንፊቱን ከግድግዳ አወረድኩ፤ ስናደድ ስንዴ መንፋት ያስታግሰኛል። ይህ ወንፊት ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ አባቴም ከአባቱ። ሽቦው ይታደሳል እንጂ የቀዳዳው ልክ አይለወጥም። የኔ የዘር ስንዴ በአካባቢው የታወቀ ነው፤ የፋግታና የባንጃ ገበሬ ሁሉ ሊዘራ ሲል ወደ እኔ ይመጣል። ብቻ አንድ ጠላት አለብኝ፣ እንክርዳድ። እንጀራውም ዳቦውም ውስጥ ከገባ ሰውን ያዞራል፣ ያስተፋል። እሱን ደግሞ ዓመት ካመት መለየት እያቃተኝ ነው። በአባቴ ዘመን እንክርዳድ ደቃቃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስትነፋው ከወንፊቱ ሥር ይወድቃል። አሁን ግን ስንዴ አክሎ ስንዴ መስሎ ከላይ ይቀመጣል።

«ይህን ደግሞ ሸይጣን ነው የሚያስተምረው» አልኩ እንደ ልማዴ፣ አንዷን ፍሬ በጥፍሬ አንስቼ እየወረወርኩ።

ኢብቲሳም ወንፊቱን ተቀበለችኝና ትነፋ ጀመር። ስትጨርስ ሁለት እፍኝ አሳየችኝ። በአንዱ እጇ ከሥር የወደቀው ግርድ አለ፤ ውስጡ ደቃቃ እንክርዳድ። በሌላው ከላይ የቀረው ስንዴ አለ፤ ውስጡ ወፍራም እንክርዳድ።

«የወደቀውን ምን ታደርገዋለህ?»

«ለዶሮ።»

«የቀረውንስ?»

«ለዘር እሸጠዋለሁ...» አልኩና ቆምኩ።

እሷም ዝም አለች። አስተማሪ ናትና መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች።

«ደቃቃውን ሁሉ ዶሮ ይበላዋል» አለች ቆይታ። «ስንዴ የሚያክለው ብቻ ከስንዴው ጋር ይዘራል። እሱ ደግሞ እንደራሱ ያለውን ይወልዳል። ከተወለደው ውስጥ ደግሞ አሁንም ትልቁ ይቀራል። አያቴም፣ አባቱም፣ አንተም። ሸይጣን ምንም አላስተማረውም አባ። ወንፊታችን ነው።»

እፍኟን አየሁ። ወንፊቱን አየሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ስዋጋው የኖርኩትን ጠላት ያሳደግሁት እኔው ነኝ! ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቅሁም።

«የማስተምረው ይኸው ነው» አለች። «ወንፊቱን ነው የማስተምረው። ድርቅ ወንፊት ነው፣ ብርድ ወንፊት ነው፣ በሽታ ወንፊት ነው። ዘመኑ ረጅም ነው።»

ግን እኔም ገበያ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ በዋዛ አልሸነፍም። «እሺ» አልኳት፤ «ወንፊቱንስ ማን ሠራው? አያቴ! ያለ ሠሪ ወንፊት የለም።»

«አያትህ ግን እንክርዳድ እንዲወፍር አስቦ ነበር?»

«እንዴት አድርጎ ያስባል?»

«አየህ፣ ሳያስብም ሠራው።»

«አያቴ አላሰበም። አላህ ግን ሳያስብ የሚሆን ነገር የለም!»

ፈገግ አለች። «እሱን በወንፊት አላጣራውም አባ። እውነትህን ሊሆን ይችላል። እኔ ባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ከወንፊቱ በላይ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ ትምህርት ቤታችን የለውም።»

ያን ጊዜ ነው ጠዋት የነቀዘው ጥያቄ ከአፌ የወጣው። «አንቺስ? ከትምህርት ቤቱ ውጪ፣ አንቺ ራስሽ... ታምኛለሽ?»

ወዲያው «አዎ» ብትለኝ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። አላለችኝም። ስንዴውን ወደ ጆንያው ቀስ አድርጋ መለሰችና እጇን አራገፈች።

«አንዳንድ ቀን ስሰግድ፣ አላህ ከግንባሬና ከመስገጃው መሃል ያለ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ መቆም ብቻ ነው፤ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ግን እቆማለሁ።»

«ይህ ከዝንጀሮው ትምህርት ነው?»

«አይደለም አባ። ሕፃን ሆኜም እንዲሁ ነበር። ያላወቅኸው ስላልጠየቅኸኝ ነው።»

አመመኝ። አልዋሽም። አባት ስትሆን ልጅህን ከብርድ፣ ከረሃብ፣ ከመጥፎ ሰው ትጠብቃለህ። በመጨረሻው የፍርድ ቀን ግን፣ ሰው ሁሉ በየወገኑ ሲቆም፣ እጇን ይዤ ልቆም አልችልም። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣና አቧራ ነው አልኳት። እህል መጋዘን ውስጥ ለማልቀስ አቧራ ምቹ ሰበብ ነው።

ልትወጣ ስትል በር ላይ ዞር አለች። «ሕይወት ጾም ያቆመችው በእኔ ትምህርት አይደለም» አለች። «ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የነገረችኝ እኔን ብላ ነው፤ ለማንም አልናገርም።»

«ጃዊ ቢልኩሽም?»

«ቢልኩኝም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተቀላቅሎ ተቀምጧል፤ በቤተ ክርስቲያን ቦታና በመስጊድ ቦታ ላይ ስንከራከር የኖርን ሰዎች በዝንጀሮ ላይ ግን አንድ ሆነናል። ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለዋል። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ናርዶስ ስብሰባውን ከፍታ ስለ ጠመኔና ስለ ወንበር ጥቂት ብትናገርም ማንም አልሰማትም። ይርሳው ተነሳ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም።

«እኔ ዕድሜዬን ጋሪ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ። «ጎማውን፣ ብረቱን፣ ሳንቃውን ሜዳ ላይ በትኜ ብሄድ፣ መቶ ክረምት ቢዘንብበት ጋሪ አይሆንም። ሠሪ ይፈልጋል። ጋሪ ሠሪ ከፈለገ ይህ ዓይን፣ ይህ እጅ ሠሪ የለውም ልትይን ነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የኔም እጅ ሊያጨበጭብ ተነስቶ ያዝኩት። እውነቱን ነው እኮ! የልጄ አባት ሆኜም የይርሳው ነገር ልቤ ገባ።

ኢብቲሳም ፊት ለፊት ቆማለች። ድምፁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጋሼ ይርሳው፣ ሠሪ የለውም ብዬ አስተምሬ አላውቅም» አለች። «ግን ጋሪ አይወልድም። የሚወልደው ፈረሱ ነው። የሚወልድ ሁሉ ከወለደው ትንሽ የተለየ ይወልዳል፤ ያች ትንሽ ልዩነት በብዙ ዘመን እንዴት እንደምትጠራቀም ነው የማስተምረው። ከጀርባው ማን አለ ለሚለው የመማሪያ መጽሐፉ መልስ አልጻፈም። እሱ በየቤታችሁ፣ በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚመለስ ነው።»

«እንግዲያ ሐሰት ነው በይና ይለቅ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሐሰት ነው ብዬ ብወጣ ነገ ልጆቻችሁ ፊት በምን ዓይኔ ልቁም? ስትፈሩ ዋሹ ብዬ ላስተምራቸው?»

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ። መሪጌታ ኪዳኑ ጢማቸውን ያሻሉ። ይርሳው ግን ክርክሩ አልነበረም የያዘው። ፊቱ ጠቁሯል፣ ድምፁ ተሰንጥቋል።

«እኔ ስለ ፈረስ አልጠየቅሁሽም!» ብሎ ጮኸ። «ልጄን ምን አደረግሻት? እናቷ ሞታ ያለችኝ እሷ ናት። ጾሟን ፈታች፣ ጸሎቷን ተወች፣ እኔን አታናግረኝም! ምን ብትያት ነው?»

የኢብቲሳም ዓይን አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ ወዳሉበት መስኮት ሄዶ ተመለሰ። አንድ ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣለች። አልተናገረችም። ያን ጊዜ ነው እኔ ሳላስበው ተነስቼ የቆምኩት።

«ይርሳው» አልኩ፤ «ወንድማለም፣ እኔን የላክህብኝን ሽማግሌ ተውና ልጅህን ጠይቃት።»

«ጠይቄያታለሁ!»

«ለምን ትበያለሽ ብለህ ነው የጠየቅሃት። ምን ሆንሽ ብለህ ጠይቃት። እኔም የራሴን የጠየቅሁት ገና ሰሞኑን ነው። መልሱ አይጣፍጥም። ግን ጠይቃት።»

በመስኮቱ በኩል ግፊያ ሆነ። ሕይወት በበሩ ገባች፤ ቀጭን፣ የእናቷን ነጠላ የለበሰች ልጅ። ማንም ሳይጠራት ከአባቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ ስትታመም ጾምን» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ አዳራሹ ግን ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማናት። «ጸበል ወሰድናት። ተሳልን። አንተ 'እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትድናለች' አልከኝ። ሞተች። ከቀብር ስንመለስ ደግሞ 'እግዚአብሔር ያውቃል' አልከኝ። ብትድንም እሱ፣ ብትሞትም እሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጸለይ አቃተኝ አባዬ። ዝግመተ ለውጥ ገና አልተማርንም ነበር።»

ይርሳው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«መምህርትን ብቻዋን አግኝቼ እናቴ ለምን ሞተች ብዬ ጠየቅኋት» አለች ሕይወት። «ሰው ሁሉ መልስ ሲሰጠኝ እሷ ብቻ 'አላውቅም' አለችኝ። አብራኝ አለቀሰች። እና እሷን ነው የምታባርሯት?»

ይርሳውን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ ፈረስ፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንግሥት ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነው። ሲሳሳት እንኳ በእርግጠኝነት ነው። ያን ቀን ግን የልጁን ትከሻ በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አለ። «ለምን እንደሞተች አላውቅም። አውቃለሁ ያልኩሽ ፈርቼ ነው።»

ልጅቱ ደረቱ ላይ ወደቀች። እንዲያ ያለ ልቅሶ በእናቷ ቀብር ቀን እንኳ አልሰማሁም። ሐጂ አብዱልሀፊዝ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ናርዶስ ስብሰባው ተፈጽሟል አለች። ስለ ዝንጀሮው ያነሳ አልነበረም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። አሁንም ሲያየን ፊቱን የሚያዞር አለ፤ ስንዴውን ከሌላ መግዛት የጀመረም አለ። ይርሳው ግን ወረዳ አልሄደም። እሱ ካልሄደ ደግሞ የሚሄድ አልተገኘም። እኔም ለዘር የሚሸጠውን ስንዴ በወንፊት ብቻ መተው አቁሜ በእጅ ማስለቀም ጀመርኩ። ይህን ለኢብቲሳም በኩራት ስነግራት፣ «እንግዲህ ደግሞ ዓይንህን የሚያታልል ይቀራል» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል በሩ ተንኳኳ። ይርሳው ነው፣ ሕይወትን ይዞ።

«ሽማግሌ አልላክሁም፤ ራሴ መጣሁ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ቆርቆሮውን ብትመታው ይበቃ ነበር።»

«እሷ በልታለች፣ እኔ አልበላሁም» አለ ወደ ልጁ እየጠቆመ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቀምስ ስል ብቻዬን አልወርድ አለኝ። ከእናንተ ጋር ልፍታ ብዬ ነው።»

ዘይነባ ተምሩንና የምስር ሳምቡሳውን አቀረበች። የጾም ደግነቱ ይኸ ነው፤ ሥጋ የሌለበት ገበታ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም አይለይም። አዛኑ ሲሰማ ይርሳው አማተበ፣ እኛ ቢስሚላህ አልን፤ ሕይወት ሁላችንንም አየችና ምንም ሳትል አንድ ተምር አነሳች። ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ ለመግሪብ ተነሳን። አባትና ልጁ አግዳሚው ላይ ሆነው ጠበቁን። እኔ ፊት ቆምኩ፤ ዘይነባና ኢብቲሳም ከኋላዬ። ያ የመጋዘኑ ፍርሃት አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ዛሬ ለልጄ የትኛው ቀን እንደሆነላት፣ ቅርብ ያለበት ይሁን ወይም መቆም ብቻ የሆነበት፣ አላወቅሁም። እጄን አንስቼ «አላሁ አክበር» ከማለቴ በፊት ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ። የልብሷን ኮሽታ ሰማሁ። ቆማለች።